«ጫጫታ ነው» ላሉት ጸሐፊ፦ እኔም እዚያው አዳራሽ ነበርኩ

ሦስት የሳክስፎን ተጫዋቾችና አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያቀረቡትን የአቫንጋርድ (ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ፣ የሙከራ) ጃዝ ኮንሰርት ታድመው ትችት የጻፉት ጸሐፊ፣ ለዕረፍት መብራት ሲበራ ከአዳራሹ እንደወጡ ራሳቸው ነግረውናል። ይህን ስላልደበቁ አከብራቸዋለሁ። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ክፍል ከእሳቸው የተሻልኩ ምስክር ነኝ፤ ስለ መጀመሪያው ግን እኩል ነን፣ የሰማነው ያንኑ ድምፅ ነውና።

ክሳቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የቀረበው ጫጫታ እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ዜማም ምትም የለውም። ሕፃን ልጅ ሳክስፎን ቢሰጠው ከዚህ የተለየ ነገር አያወጣም። ሥራውን የሠራው ላፕቶፑ ነው። ጃዝ መባሉም ስም መስረቅ ነው፤ የሳክስፎን ክብር በታላቁ ሳክስፎን ተጫዋች በጆን ኮልትሬን ዘመን ቀርቷል። ማንም አልተዘጋጀበትም። ያጨበጨበው ሰው «አልገባኝም» ማለት አፍሮ ነው። በዚያ ላይ ጆሮ ያማል። ከእነዚህ አንዱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሌላውን ደግሞ በከፊል።

ከሕፃኑ ልጀምር። ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት የሶፕራኖውን ረጅም የብቻ ጨዋታ ነው (ሶፕራኖ ድምፀ ቀጭን ሳክስፎን ነው፤ ከእሱ ወደ ወፍራም ሲወረድ አልቶ፣ ቴነርና ባሪቶን ይከተላሉ)፤ «ሳያቋርጥ ያንኑ ይደጋግማል» ብለዋል። ከዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ቃል ልክ ናት፦ «ሳያቋርጥ»። ሰውየው ከአሥር ደቂቃ በላይ ተጫውቷል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ድምፁ ለሰከንድ እንኳ አልተቆረጠም። ሳክስፎን የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ሰውም መተንፈስ አለበት። ታዲያ ይህ ሰው መቼ ተነፈሰ?

ልብ ብሎ ላየው መልሱ ጉንጩ ላይ ነበር። ሳንባው ሊጎድል ሲል ጉንጩን በአየር ይሞላል፤ ያን የተጠራቀመ አየር በጉንጩ ጡንቻ እየገፋ ወደ መሣሪያው ሲልክ፣ በዚያችው ቅጽበት በአፍንጫው አዲስ ትንፋሽ ይስባል። ተማሪዎች ይህን የሚለማመዱት ብዙ ጊዜ በውኃና በስትሮ ነው፤ ስትሮውን ብርጭቆ ውስጥ ከተው፣ አረፋው ሳይቋረጥ በአፍንጫቸው ለመተንፈስ ይሞክራሉ። ጸሐፊውም ይሞክሩት። አረፋው አልቋረጥ ካላቸው ደግሞ፣ ያንኑ እያደረጉ አሥሩም ጣቶቻቸው በሥራ እንዲጠመዱ፣ ከንፈራቸውም ሪዱን፣ አፉ ላይ የሚርገበገበውን ስስ ሸንበቆ፣ በልኩ እንዲጨብጥ ይጨምሩበት። ሕፃኑን ከዚያ በኋላ እንጠራዋለን።

በእርግጥ ትንፋሹ ለትርኢት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሰርከስ ነው» ቢሉኝ አልከራከርም ነበር። ለምን እንዳስፈለገ ነው መጠየቅ ያለበት። ድምፆች ሳይቋረጡ በፍጥነት ሲደጋገሙ ጆሮ በራሱ ጊዜ መለየት ይጀምራል፤ ወፍራሞቹን ለብቻ፣ ቀጫጭኖቹን ለብቻ ይሰበስባል። ያኔ ከአንድ ሰው መሣሪያ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መስመር እየተጠላለፈ ሲሄድ ይሰማል። እንግሊዛዊው ሳክስፎን ተጫዋች ኢቫን ፓርከር ይህን መንገድ ለብቻው በሶፕራኖ እስከ ጥግ ወስዶታል፤ «ሞኖሴሮስ» የተባለው አልበሙ የወጣው በ1978 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ምሽት የብቻ ጨዋታው አራተኛ ደቂቃ ግድም፣ ከታች ከሚሄደው መስመር አንዲት ድምፅ ጎደለች። የላይኛው አልተነቃነቀም። ክፍተቱ በየዙሩ ሲመለስ እንደ ጎደለች ጥርስ ሆኖ ጆሮዬን ይስበው ጀመር፤ ቆይቶ የላይኛው መስመር ጎንበስ ብሎ ያችን ክፍተት ሞላት። ጸሐፊው «ያንኑ ይደጋግማል» ያሉት ይህን ነው። መደጋገሙ ባይኖር ኖሮ የአንዲት ድምፅ መጉደል ማን ያስተውለው ነበር?

ሳክስፎኑ እየተሰነጠቀ ሲጮኽ የሰሙትንም ጸሐፊው የስህተት ድምፅ አድርገው ቆጥረውታል። ጀማሪ ሲነፋ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚያመልጠው እውነት ነው። ልዩነቱ የሚታየው «እስቲ ድገመው» ሲባል ነው። የሳክስፎን ቱቦ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ተጫዋቹ ያንኑ ጣት ይዞ ድምፁን ወደ ላይኛው ኦክታቭ ማዝለል ይችላል። ከተለመደው ውጭ በሆነ የጣት አያያዝ ሲነፋ ግን፣ ውስጡ ያለው አየር ባንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይርገበገብና ከአንዱ ቱቦ ሁለት ሦስት ድምፅ አብሮ ይወጣል። ትንሽ ከንፈር ቢላላ ሁሉም ይጠፋል። የአልቶ ተጫዋቿ ያችኑ የተሰነጠቀች ድምፅ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ሐረግ ማብቂያ ላይ አመጣቻት። ከፍታዋ አልተለወጠም፤ ሦስተኛዋ ግን በሹክሹክታ ያህል ቀስ ብላ ነበር የወጣችው። ይህን የሚያደርግ ሕፃን ከተገኘ አዳራሹን እኔ እከራይለታለሁ።

«ዜማም ምትም የለውም» ወደሚለው ልለፍ። በዜማው ነገር ብዙ አልሟገትም፤ እያንጎራጎሩ ወደ ቤት የሚሄዱበት ነገር አልነበረም። ሙዚቃን በእሱ ብቻ ከመዘንን ግን ከበሮ ብቻውን ሲመታም ሙዚቃ አይደለም ልንል ነው። ምት የለም መባሉ ነው ያስገረመኝ። ኮንሰርቱ የተከፈተው እንዴት ነበር? አልቶና ቴነር አንድ የሚመስል ድምፅ ይዘው ቆሙ። አንድ ግን አልነበረም። ሁለት ድምፆች በጥቂቱ ሲለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ 440 ሄርዝ (በሰከንድ 440 ርግብግቢት) ሌላው 443 ሄርዝ ሲሆን፣ ጆሮ ሁለት ድምፅ ለይቶ አይሰማም፤ አንዱ ድምፅ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ሲያብጥና ሲጎድል ነው የሚሰማው። ጊታር የቃኘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቃኚው የሚፈልገው ግን እንዲጠፋለት ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዲቆይ ፈለጉ። ሲራራቁ እብጠቱ ይፈጥናል፣ ሲቀራረቡ ይዘገያል፣ ሲገጥሙ ጸጥ ይላል። ከበሮ መቺ ባልነበረበት መድረክ ላይ ምቱን የያዙት በሁለት ሰው ከንፈር መካከል ባለች ልዩነት ነበር። እግሬ ወለሉን መምታት እንደጀመረ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ይህን አከፋፈት አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ እመለስበታለሁና።

ላፕቶፑን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው ሰውየው «የተቀዳ ነገር ከፍቶ ተቀመጠ» ብለዋል። ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ሳክስፎኖቹ ሲጫወቱም ሳይጫወቱም ድምፅ ይኖረው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም አላሰማንም፤ ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ከድምፅ ማጉያዎቹ የወጣው ሁሉ፣ ጆሮዬ እስከለየው ድረስ፣ ከሳክስፎኖቹ የተወለደ ነው። በየተጫዋቹ ፊት ማይክሮፎን ቆሟል፤ የሶፕራኖው ሰው ወደ ባሪቶን ሲዞር ደግሞ የመሣሪያውን ንዝረት በቀጥታ የምትቀበል ትንሽ ማይክሮፎን በባሪቶኑ አካል ላይ ተለጥፋ ነበር። በመካከል የሰማነው የዝናብ ኮቴ የመሰለው ድምፅ፣ ትንፋሽ ሳይገባበት የተነካኩ የባሪቶን ቁልፎች ድምፅ ነው።

ይህ ሁሉ ድምፆችን በሚያቀላቅለው ሚክሰር አልፎ ላፕቶፑ ውስጥ ሲገባ ምን ይደረጋል? አንዱ ዘዴ መከታተፍ ነው። አንዲት የቴነር ድምፅ ከአንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ ሰከንድ በሚሆኑ ቁራጮች ትቆራረጣለች፤ ቁራጮቹ ይደራረባሉ፣ ይበታተናሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለት ሰከንድ የነበረችው ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ትንሳፈፋለች። ሌላው የቆየ ዘዴ ነው፤ ሁለት ድምፆችን ያባዛና የሁለቱን ድምርና ልዩነት ብቻ ያወጣል። 300 ሄርዝና 200 ሄርዝ ቢገቡ የሚወጡት 500 እና 100 ናቸው፤ የገቡት ሁለቱ ይጠፋሉ። ሳክስፎኑ በድንገት ደወል ደወል ያለው በዚህ ነው። ሳክስፎኑ ከሁለቱ ዝቅተኛው ሆኖ በአንዲት ጠብታ ከፍ ባለ ቁጥር አንዱ ውጤት ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ ስለዚህ ቴነሩ በከንፈሩ፣ ሰውየው በመዘውሩ፣ አንድ ድምፅ ለሁለት ይዘው ይጫወቱት ነበር ማለት ነው። ቁልፍ ተጭኖ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኤዲ ሃሪስ በ1960ዎቹ ቫሪቶን የሚባለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከቴነር ሳክስፎኑ ጋር አገናኝቶ ይጫወት ነበር፤ እሱም ታዋቂ ሙዚቀኛ እንጂ የጓዳ ተመራማሪ አልነበረም። ትሮምቦን ተጫዋቹ ጆርጅ ሉዊስ በ1980ዎቹ «ቮያጀር» የተባለውን ፕሮግራም ሲሠራ፣ ኮምፒውተሩ ሙዚቀኛውን እየሰማ እንዲመልስ፣ ሲያሻውም የራሱን እንዲጫወት አድርጎታል። ኢቫን ፓርከርም በ1990ዎቹ፣ መሣሪያ የሚጫወቱትን ድምፃቸውን እዚያው ከሚለውጡ ባለሙያዎች ጋር ያጣመረ ቡድን አቋቁሟል።

በከፊል የምቀበለው ግን እዚህ ጋ ነው። ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ ሰው እጁ አይታይም። ሳክስፎን ተጫዋች ሲያብጥ፣ ሲጎብጥ፣ አንገቱ ሲወጠር እናያለን፤ የምናየውን ከምንሰማው ጋር እናገናኛለን። የኤሌክትሮኒክስ ሰውየው ፊቱ በስክሪን ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ፣ ኢሜይሉን እያነበበ ነው ቢባል የሚያስተባብል ምልክት አልነበረውም። ጠረጴዛውን ወደ ጎን ቢያዞረው ኖሮ ከጸሐፊው ክስ ግማሹ አይነሣም ነበር። እኔም ነገሩ የገባኝ ከሁለተኛው ረድፍ ዳር ስለተቀመጥኩ፣ እጆቹን በሰያፍ ለማየት ስለቻልኩ ነው።

ጃዝ አይደለም የሚለውን ክስ ግን ኮልትሬንን ምስክር ባይጠሩበት ይሻላቸው ነበር። በ1961 «ዳውን ቢት» በተባለው የአሜሪካ የጃዝ መጽሔት ላይ አንድ ሐያሲ የኮልትሬንንና የባልደረባውን የኤሪክ ዶልፊን ጨዋታ «ፀረ ጃዝ» ብሎ ጽፏል። ጸሐፊው ዛሬ በሦስቱ ሳክስፎኖች ላይ የወረወሩት ድንጋይ በኮልትሬን ላይ ተወርውሮ የወደቀው ያው ድንጋይ ነው። ከዚያስ ኮልትሬን ተመለሰ? በ1965 አሥራ አንድ ሙዚቀኞች ሰብስቦ «አሴንሽን»ን ቀዳ፤ ከእነሱ አምስቱ ሳክስፎን ተጫዋቾች ናቸው፤ አምስቱም ባንድ ላይ ሲነሡ የሚሰማው ድምፅ የኛን ምሽት የዋህ ያስመስለዋል። በ1967 በሞተበት ዓመት የቀዳው «ኢንተርስቴላር ስፔስ» ላይ ደግሞ ሳክስፎኑ አጠገብ የቀረው ከበሮ ብቻ ነው። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ የተጫወቱት እነማን ነበሩ? ሳክስፎን ተጫዋቾቹ አልበርት አይለርና ኦርኔት ኮልማን፤ ማለትም በዚያ ዘመን «ጫጫታ» የሚለውን ስድብ አብዝተው የጠጡት ሁለቱ።

ኮልማን በ1959 ፕላስቲክ አልቶውን ይዞ ኒው ዮርክ፣ ፋይቭ ስፖት በተባለው የጃዝ ክለብ ሲቆም ሙዚቀኞች ለሁለት ተከፍለው ተከራክረውበታል። በ1960 መጨረሻ አራት አራት ሰው የያዙ ሁለት ቡድኖችን ባንድ ላይ አስጫውቶ «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን ሥራ ቀዳ። ይኸው ሰው በ2007 ታዋቂውን የአሜሪካ የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። ከበሮና ቤዝ በሌለበት ሳክስፎን ብቻውን መቆሙም አሮጌ ነው፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ አንቶኒ ብራክስተን ከአንድ አልቶ በቀር ምንም የሌለበትን «ፎር አልቶ»ን የቀዳው በ1969 ነበር። እንዲያውም እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው፦ ስልሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ዛሬም «አቫንጋርድ» ብለን መጥራታችን። በዚህ ስም ላይ ጸሐፊው ቢዘምቱ አብሬያቸው በወጣሁ።

አለመዘጋጀት የተባለውን ቶሎ ልዝጋው። በየተጫዋቹ ፊት አንዳንድ ወረቀት ነበር፤ ኖታ የተሞላ አይደለም፣ ቁጥርና ጥቂት መስመር ነው። የባሪቶኑ ሰው አልፎ አልፎ ጣቶቹን ያነሣል፤ ሁለት ጣት፣ አራት ጣት፤ ሦስቱም በዚያው ቅጽበት ወደ ሌላ ነገር ይዞራሉ። በምልክት መመራት በዚህ ሙዚቃ የታወቀ አሠራር ነው፤ አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ጆን ዞርን በ1984 በሠራው «ኮብራ» ላይ አንድ ሰው ካርድ እያነሣ ቡድኑን ያዞራል። ኢምፕሮቫይዝ የሚያደርግ፣ ማለትም እዚያው እየፈጠረ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚጫወት ላያውቅ ይችላል፤ ሲጠራ ግን የሚመጣለት ነገር ሊኖር ይገባል፤ እሱ ደግሞ ለዓመታት ነው የሚጠራቀመው።

አፍሮ ስላጨበጨበው ሰው ምንም አልልም። የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላየሁም፤ እሳቸውም አላዩም። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በመጀመሪያው ክፍል አጋማሽ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ሲነቃ አጨበጨበ። ምናልባት ለእንቅልፉ ነው።

አሁን የምቀበለው። ጆሮ ያማል ያሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም ለስላሳ አድርገው ነው የጻፉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ አዳራሾች ባወጣው መመሪያ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ለታዳሚውም የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ ይላል። ያን ምሽት በር ላይ መከላከያ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የራሴን ይዤ ስለሄድኩ ተረፍኩ። ጉዳቱ ለጆሮ ብቻም አይደለም፤ ለሙዚቃውም ነው። ከማጉያው የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ባሪቶኑን ውጦት ነበር፤ ሰውየው ሲነፋ እናያለን፣ አንሰማም። ሳክስፎን በቅርብ ሲነፋ ብቻውን ጉልበተኛ ነው፤ በዚያ ስፋት ባለው አዳራሽ ያን ያህል ማጉላት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ሁለተኛው ክፍልም አሥር ደቂቃ ያህል ተርፎታል። በወረቀት የታደለችን መግለጫ ደግሞ ባትታደል ይሻል ነበር፤ ሁለቴ አንብቤያት ከሙዚቃው ይልቅ የከበደችኝ እሷ ናት። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን በእነዚህ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም፤ እፈርምላቸው ነበር።

የቀረችኝ እሳቸው ያላዩዋት የመጨረሻዋ ሰባት ደቂቃ ናት። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ከማጉያው አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። ወዲያው አላወቅኋትም። የመክፈቻው የአልቶ ድምፅ ነበረች፤ ሰውየው ያኔ ዝም ብሎ ሲሰበስብ ይዞ ያስቀመጣት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ያወጣት። አልቶዋ ሳክስፎኗን አቅፋ ቆማለች፤ አትነፋም። ቴነሩ ብድግ አለና በዚያች ድምፅ ላይ የራሱን ለጠፈ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ሳይገጥም፣ በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ። እብጠቱ ተመለሰ። በሰከንድ አራት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፤ ቴነሩ ወደ ተቀዳችው ድምፅ እየተጠጋ ሲሄድ እየዘገየ መጣ። በመጨረሻ ገጠመና ምቱ ጠፋ፤ አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከማጉያው ነው የሚመጣው ብዬ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ሰውየው ላፕቶፑን ዘግቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ድምፁ ግን አሁንም አለ። ቴነሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል።